ያገገመ ሰው መቼ ወደ ሥራው ይመለስ? የጣፊያና የዕረፍት ታሪክ ከደምቢያ እስከ ደባርቅ

የአማርኛ ቋንቋ በበሽታና በጤና መካከል ያለውን ጊዜ ለይቶ ይጠራዋል። ሰው ይታመማል፤ ሲጠናበት አልጋ ይይዛል፤ ትኩሳቱ ሲለቀው «ተሻለው» ይባላል። እህል መቅመስና ከደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ሲጀምርም «አገገመ» ይባላል እንጂ «ዳነ» አይባልም። በማገገምና በመዳን መካከል ያለው ጊዜ አደገኛ መሆኑን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ በሽታው ተመልሶ ሲነሣ «አገረሸበት» የሚል ለብቻው የቆመ ቃል አበጅቶለታል። ይሁን እንጂ ያገገመ ሰው ስንት ቀን ይረፍ፣ የትኛውን ሥራ አስቀድሞ የትኛውን አዘግይቶ ይጀምር የሚለው ጥያቄ በሕክምና ጥበብ ውስጥ እንኳ ለብዙ ዘመን አጥጋቢ መልስ አላገኘም ነበር።

ጥያቄው በጎንደር ከተማና በሰሜን ደጋ ላይ ሲነሣ ቀላል አይደለም። ገበሬው ትኩሳቱ እንደለቀቀው ሞፈርና ቀንበሩን ይመለከታል፤ ሴቲቱ እንስራዋንና ወፍጮዋን ታስባለች፤ ተማሪው ወደ ኳስ ሜዳ፣ ሯጩ ወደ ዳገቱ ይቸኩላል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ቸኩሎ በመነሣቱ፣ አንዳንዱም ያለ ልክ በመተኛቱ ይጎዳል። ታሪኩን ከሥር መመርመር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የደምቢያ ወባና የጎንደር ኮሌጅ

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ በለምነቱ የታወቀ እህል አብቃይ አገር ነው። ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ ደጋም ቆላም ሊባል አይችልም፤ ንዳድ በየዓመቱ አይጸናበትም፤ ሲመጣበት ግን እንደ ጎርፍ ይመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ይህ እልቂት በወቅቱ ከፍተኛ ድንጋጤ ያስከተለ ሲሆን፣ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና የማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ኮሌጁ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ተመሥርቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎቹም በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ገጠር ወጥተው እንዲሠሩ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋሙ በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ በ1978 ደግሞ በላይፕዚግ ከሚገኘው ከያኔው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተበት። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ከዚህ የተገኘ ነው።

የኮሌጁ የመጀመሪያ ምሩቃን ሥራ በጀመሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋማ አውራጃዎች በታሪካቸው እጅግ ከከፉት የወባ ወረርሽኞች በአንዱ ተመቱ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ወረርሽኙ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ሁሉ ተዳረሰ። የዚያ ዓመት ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ከወትሮው በላይ ስለነበር ትንኙ ወደማይኖርበት ከፍታ ወጣ፤ ሕዝቡ ደግሞ ንዳዱን በየዓመቱ ስላልለመደው የሚከላከልበት ኃይል በደሙ ውስጥ አልነበረውም። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ይህ እልቂት ከደረሰ በኋላ ነው።

የሟቾቹ ቁጥር ከፍ ብሎ ስለሚታይ በሕይወት የተረፉት ሚሊዮኖች ዕጣ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። ወረርሽኙ የጸናባቸው ወራት የአረም፣ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። በደጋው ልማድ አንድ ገበሬ ሲታመም ጎረቤት በደቦና በወንፈል ያርስለታል፣ ያጭድለታል። ይህም ማኅበራዊ ልማድ ብቻ ሳይሆን ለታማሚው የዕረፍት ጊዜ የሚገዛለት የጤና ዋስትና ነው። ነገር ግን መንደሩ በሙሉ አልጋ ሲይዝ ደቦ የሚጠራ እንጂ ደቦ የሚወጣ አይገኝም። እንዲህ ባለ ጊዜ ትኩሳቱ ትናንት የለቀቀው ሰው ዛሬ ማጭድ ይዞ ለመውጣት ይገደዳል። ያን ጊዜ የሚገጥመው አደጋ ከድካም ያለፈ ነው፤ ምንጩም በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቶቹ ሥር የተደበቀው ጣፊያ ነው።

የጣፊያ ነገር

ጣፊያ በጤነኛ ሰው ዘንድ ከጡጫ የማይበልጥ፣ 150 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በዘጠነኛውና በዐሥራ አንደኛው ጎድን መካከል የተከለለ ክፍል ነው። ያረጁ የደም ሕዋሳትን ያጣራል፤ በደም ውስጥ የገባውን ተውሳክ ይይዛል። ስለዚህ ደምን የሚያጠቃ በሽታ በመጣ ቁጥር ሥራው ይበዛበትና ያብጣል። በወባ፣ በቅማል አማካይነት በሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት፣ በታይፎይድ፣ በካላዛር፣ እንዲሁም ከዚህ በታች በሚወሳው የእጢ ትኩሳት ጣፊያ ከጎድኖቹ ወጥቶ እስከ ሆድ ሊወርድ ይችላል።

የወባ ማጥፊያ ባለሙያዎች ይህን ባሕርይ እንደ መለኪያ ተጠቅመውበታል። በአንድ መንደር ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑትን ልጆች ሆድ እየዳበሱ ከመቶ ስንቱ ጣፊያው እንዳበጠ ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ ከመቶ 10 በታች ከሆነ ወባው ዝቅተኛ፣ ከ75 በላይ ከሆነ ደግሞ ጽኑና ቋሚ ነው ይባል ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ የጤና ሠራተኞች እጃቸው ጣፊያን ለመለየት እጅግ የሠለጠነ ሆነ። በዚያው መጠን የተማሩት ሌላ ነገርም ነበረ፤ ያበጠ ጣፊያ በእርጋታ እንጂ በኃይል ሊዳበስ አይገባም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣፊያ በቀስታ፣ በወራትና በዓመታት ሲያብጥ ሽፋኑም አብሮ ይወፍራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ሲያብጥ ግን ሽፋኑ ይሳሳና እንደ በሰለ ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ ጣፊያ የመፈንዳት አደጋ ይበልጥ የሚታየው ንዳዱን ለረጅም ዘመን በተላመደው ቆለኛ ላይ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘው ደገኛ ላይ ነው። ግጭት፣ ውድቀት፣ ከባድ ሸክም፣ አንዳንድ ጊዜም ብርቱ ሳልና ማማጥ ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ከዚያም ደም በሆድ ውስጥ ይፈስሳል። በግራ ጎን የሚሰማ ድንገተኛ ሕመም፣ ወደ ግራ ትከሻ ጫፍ የሚወጣ ውጋት፣ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብና የልብ ምት መፍጠን ምልክቶቹ ናቸው።

በብዙ አካባቢ ያበጠ ጣፊያን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ወይም በቅቤ አድርጎ ማሸት የቆየ ልማድ ነው። መተኮሱ ቆዳን አቁስሎ ለሌላ ሕመም ይዳርጋል፤ ማሸቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሊፈነዳ የደረሰን ጣፊያ በእጅ እንደ መጫን ነውና። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ የሚወርዱ የደጋ ልጆች በካላዛር ተይዘው፣ ጣፊያቸው አብጦ ሲመለሱ ይህ ልማድ በርካቶችን ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝም በሽታው ቆላውን ለቆ ወደ ከፍታው ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል።

የእጢ ትኩሳት፤ ከቪስባደን እስከ ካምፓላ

በወባና በግርሻ ትኩሳት የተገኘው ዕውቀት ለሌላ በሽታ ትምህርት ሆኗል። ይህም በሐኪሞች ዘንድ ኢንፌክሺየስ ሞኖኑክሊዮሲስ፣ በተለምዶ የእጢ ትኩሳት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤሚል ፕፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በቪስባደን ከተማ ትኩሳትን፣ የጉሮሮ ሕመምንና የአንገት ንፍፊትን አጣምሮ የሚይዝ በሽታ መኖሩን ጻፈ። በ1920 ስፕረንትና ኤቫንስ የተባሉ የባልቲሞር ሐኪሞች በወጣቶች ደም ውስጥ ባዩት የነጭ ደም ሕዋስ ለውጥ ምክንያት በሽታውን ዛሬ በሚጠራበት ስም ሰየሙት። በ1932 ደግሞ ፖልና በነል ለመለየት የሚያስችል የደም ምርመራ አገኙ።

መንስኤው የታወቀው በአፍሪካ በኩል ነው። ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ካንሰር ማጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1958 ከገለጸ በኋላ፣ ከካምፓላ ወደ ለንደን በአውሮፕላን የተላከው ናሙና በአንቶኒ ኤፕስታይን፣ በበርት አቾንግና በኢቮን ባር እጅ ተመረመረ፤ በ1964 ቫይረሱ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ቬርነርና ጌርትሩድ ሄንለ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፣ በፊላዴልፊያ ቤተ ሙከራቸው የምትሠራ አንዲት ወጣት በእጢ ትኩሳት ስትያዝ የደሟን ለውጥ በመከታተል የካንሰሩና የእጢ ትኩሳቱ ቫይረስ አንድ መሆኑን አረጋገጡ።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ሕፃን በዚህ ቫይረስ ገና በጨቅላነቱ ይያዛል፤ ምልክቱም ተራ ጉንፋን ከመምሰል አያልፍም፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ቫይረሱን ተሸክሞ ይኖራል። በልጅነቱ ሳይያዝ ቀርቶ በጉርምስና ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘው ሰው ግን ትኩሳት፣ ጽኑ የጉሮሮ ሕመም፣ ንፍፊትና ለሳምንታት የማይለቅ ድካም ያገኘዋል። የኑሮ ሁኔታ በተለወጠባቸው አገሮች ሁሉ የመጀመሪያው መያዣ ዕድሜ ከሕፃንነት ወደ ጉርምስና እንደተሸጋገረ ታይቷል። ስለዚህ በጎንደር ከተማ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤቶች በሽታው ሊታሰብ የሚገባው ነው። ሆኖም ትኩሳትና ንፍፊት ይዞ የመጣን ወጣት የሚመረምር የጎንደር ሐኪም አስቀድሞ ወባን፣ ተስቦን፣ የግርሻ ትኩሳትንና ታይፎይድን ማሰቡ ተገቢ ነው። የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ሳምንታት ምልክትም ከዚህ በሽታ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ያለ ደም ምርመራ መለየት አይቻልም። ጉሮሮው ቆስሏል ተብሎ አምፒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን የተሰጠው የእጢ ትኩሳት ታማሚ ብዙ ጊዜ መላ ሰውነቱን ሽፍታ እንደሚወርሰውም መታወቅ አለበት።

የዕረፍት ትምህርት መለወጥ

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ለእጢ ትኩሳትም ለጉበት በሽታም የሚያዙት አንድ ነገር ነበር፤ ረጅም የአልጋ ዕረፍት። ጦርነቱ የአልጋ እጥረት ሲያስከትል ቁስለኞች ቀድመው እንዲነሡ ተደረገ፤ አለመጎዳታቸውም ታየ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አልጋ ላይ መዋል ራሱ የደም መርጋትን፣ የጡንቻ መስነፍንና የአጥንት መሳሳትን እንደሚያመጣ በምጸት ጽፎ ባልደረቦቹን አነቃ። በ1955 በቶማስ ቻልመርስ መሪነት በኮርያ ጦርነት የወፍ በሽታ በያዛቸው ወታደሮች ላይ የተደረገው ጥናት የታወጀው ዕረፍት ከፈቃደኛ እንቅስቃሴ የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ አስረዳ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ በእጢ ትኩሳት የተደረገው ንጽጽርም፣ ኃይል ሲሰማቸው የተነሡት በግድ ከተኙት ቀድመው መዳናቸውን አሳየ።

ነገር ግን ይህ ትምህርት በስሕተት እንዳይተረጎም ያስፈልጋል። ከአልጋ መነሣት አንድ ነገር ነው፤ ሸክም ማንሣት ሌላ ነው። በእጢ ትኩሳት ጣፊያቸው የሚፈነዳባቸው ታማሚዎች ከሺህ ከ1 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ያለ አንዳች ግጭት የሚደርስ ነው። ስለሆነም የዕረፍቱ ዓላማ ሰውን ማስተኛት ሳይሆን ጣፊያን ከግፊትና ከግጭት መጠበቅ ነው። ሁለቱ ነገሮች ሲለዩ የቆየው ክርክር ይፈታል።

በታወቁ ሰዎች ሕይወት ይህን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ይህ ታሪክ ለብዙ ወጣት «ጀግና አይተኛም» የሚል ትምህርት ሆኖ ይነገራል። ይሁን እንጂ የትርፍ አንጀት ቁስል ቆርጦ የወጣ፣ ጠርዙ የተሰፋና የሚታይ ነው፤ ያበጠ ጣፊያ ግን የማይታይና የማይናገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በሜዳ ቴኒስ ዓለም ሮጀር ፌደረር በ2008 መጀመሪያ የእጢ ትኩሳት ይዞት በዚያው ዓመት ወደ ከፍተኛ ውጤት ተመለሰ። በፈረንሳይ ውድድር ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ የደረሰው ስዊድናዊው ሮቢን ሶደርሊንግ ግን በ2011 በዚሁ በሽታ ከተያዘ በኋላ ድካሙ ሳይለቀው ቀርቶ ከዚያ ወዲያ አንድም የውድድር ጨዋታ አላደረገም። በሽታው በአንዱ ላይ ቀላል፣ በሌላው ላይ ከባድ ስለሚሆን ሁሉንም በአንድ ቀን መቁጠሪያ ማስኬድ አይቻልም።

ለደጋው ኑሮ የሚስማማ ሥርዓት

ዛሬ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች የሚስማሙበት መንገድ አጭር ነው። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ጽኑ ድካም እስካለ ድረስ የሰውነት እንቅስቃሴ በቤት ውስጥ ከመመላለስ አይለፍ። በሽታው ከጀመረበት ቀን ሦስት ሳምንት ሲሞላና ታማሚው ጤንነት ሲሰማው በሜዳማ ቦታ በእርምጃ፣ ቀጥሎም በዝግታ ሩጫ ይጀምር። ግጭትና ውድቀት ያለባቸውን ጨዋታዎች ለመጀመር ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጠበቅ። በየደረጃው ድካሙ በማግሥቱ ከቀጠለ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ መመለስ ይገባል። የአልትራሳውንድ ምርመራ የጣፊያን መጠን ቢያሳይም፣ የጤነኞች ጣፊያ ራሱ እንደ ቁመታቸው ስለሚለያይ አንድ መለኪያ ብቻ «ደኅና ነህ» ለማለት አይበቃም። ጉበትም ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚታመም ጠላ፣ ጠጅና አረቄ መተው አለባቸው።

ይህን ሥርዓት ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ መተርጐም የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። የግጭት ጨዋታ ሲባል እግር ኳስ ብቻ አይደለም፤ የገና ጨዋታ፣ ትግልና ጉግስ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። ክብደት ማንሣት ሲባልም የስፖርት ቤት ብረት ብቻ አይደለም፤ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ኩንታል ማንሣት፣ ውኃ የሞላ እንስራ ማዘል ሁሉ ሆድን የሚያስጨንቅ ሥራ ነው። ለገበሬ «ስፖርት አትሥራ» ማለት ምንም አልነገረም፤ «ለሦስት ሳምንት ሞፈር አትያዝ፣ ከብት ግን መጠበቅ ትችላለህ» ማለት ግን ይገባዋል። በተለይ ሴቶች ከአልጋ በተነሡ ማግሥት ውኃ መቅዳትና መፍጨት ስለሚጠበቅባቸው፣ ምክሩ ለታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ለባልና ለቤተ ሰብ ጭምር መነገር ይኖርበታል።

ከፍታም መዘንጋት የለበትም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ የራስ ዳሸን ጫፍ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ልብና ሳንባ ለአንድ ዓይነት ሥራ የበለጠ ይደክማሉ። በጎንደር ታሞ ያገገመ የደባርቅ ልጅ በከተማው ሜዳ ያልደከመውን እርምጃ በአገሩ ዳገት ላይ ሊደክምበት ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረጃውን ዝቅ አድርጎ መጀመር ይሻለዋል። ምግቡም የማገገሚያ ምግብ ይሁን፤ እናቶች ለታማሚ የሚያዘጋጁት አጥሚትና የገብስ ገንፎ ጉሮሮው ለቆሰለና ኃይል ለጎደለው ሰው የሚስማማ ነው።

ከሁሉ በላይ ለታማሚውና ለቤተ ሰቡ ሊነገር የሚገባው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። በማገገም ላይ ሳለ ግራ ጎኑን ድንገት ያመመው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻው የወጣ፣ ያዞረውና ያላበው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ አይታሽ፣ አይተኮስ፣ እስኪነጋም አይጠበቅ። ከስሜን ተራሮች ግርጌ ካለ መንደር እስከ ጎንደር ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ነውና ቀድሞ ማወቅ ሕይወት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የሞቱት ሰዎች ለጎንደር ኮሌጅ መከፈት ምክንያት ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ የወባ መድኃኒት ተሻሽሏል፤ የእጢ ትኩሳት መንስኤም ታውቋል፤ የዕረፍት ትምህርትም ተለውጧል። ያልተለወጠው ነገር ታማሚው ትኩሳቱ በለቀቀው ማግሥት ለሥራው መቸኮሉ ነው። ጤና ጣቢያው ክኒን ሰጥቶ ሲያሰናብት ቀን ቆጥሮ፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ሥራ በስሙ ጠርቶ ቢነግረው፣ ጎረቤቱም እንደ ቀድሞው በወንፈልና በደቦ ቢያግዘው፣ በማገገምና በመዳን መካከል ያለው መንገድ ያለ ጉዳት ይታለፋል።